የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ዳር የሚቀሩ ልጆች

የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ለተማሪዎች ሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ሕይወት ስላለው ድርሻ ከመምህራን፣ ከወላጆችና ከተማሪዎች የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናል። ደብዳቤዎቹን ሐሳባቸውን ሳንለውጥ አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። በአንድ ክፍል 60 ተማሪዎች አሉኝ፤ ያሉኝ ኳሶች ሁለት ብቻ ሲሆኑ አንደኛው አየር አይዝም። ይህ ትምህርት በራስ መተማመንን፣ መተባበርንና ስሜትን መቆጣጠርን ያዳብራል ተብለን ሠልጥነናል። እኔ ሜዳ ላይ የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። ጎበዞቹ ኳሱን ይዘው ይጫወታሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ አንዳንዴም ይደባደባሉ፤ ቀሪው ክፍል ደግሞ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ደወል ይጠብቃል። ስፖርት ባሕርይን ያንጻል የሚባለው እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነስ እኔ ባለሁበት ሁኔታ ምን ማድረግ ይቻላል?
መምህር፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ዛፍ ሥር የተቀመጡትን ልጆች ማየትዎና ስለ እነርሱ መጨነቅዎ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ሜዳ ውስጥ ያለው ነውና።

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ አጭር ነው፤ ስፖርት በራሱ ባሕርይ አያንጽም። ያው አንድ ጨዋታ አንዱን ልጅ ደፋርና ለጓደኛው አሳቢ ሲያደርገው፣ ሌላውን አንገቱን የደፋና ቂም የቋጠረ ሊያደርገው ይችላል። ውጤቱን የሚወስነው ክፍለ ጊዜው የሚመራበት መንገድ ነው። ቡድን የሚመርጠው ማን ነው? ተራ ሲጠብቅ የሚውለውስ? ኳስ ያመለጠው ልጅ ምን ይባላል? መምህሩ «ጎበዝ!» የሚለው ለማንና ስለ ምን ነው? ልጁን የሚያበረቱት ወይም የሚሰብሩት እነዚህ ናቸው።

አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ምሁራን ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ባካሄዱት የረጅም ዘመን ጥናት፣ ሰው አንድን ነገር ማንም ሳያስገድደው ከልቡ እንዲሠራና እየሠራም እንዲጠነክር ሦስት ነገሮች ሊሟሉለት እንደሚገባ አስረድተዋል። እነዚህም እንደሚችል የሚሰማው መሆኑ፣ በሚያደርገው ነገር ላይ የራሱ ምርጫ ያለው መሆኑና በዙሪያው ባሉት ሰዎች ዘንድ ተፈላጊ መሆኑ ናቸው። ዛፍ ሥር የተቀመጠችውን ተማሪዎን በእነዚህ በሦስቱ ይመልከቷት። ኳስ ነክታ ስለማታውቅ እችላለሁ የምትልበት ምክንያት የላትም፤ የሚደረገውን ሁሉ ሌሎች ወስነው ጨርሰዋል፤ ብትቀርም ጨዋታው አይጎድልም። ሰነፍ ናት ወይም ስፖርት አትወድም ብለን ከመፈረጃችን በፊት እኛ ምን ዕድል እንደሰጠናት መጠየቅ ይኖርብናል።

እስቲ ሰዓቱን እናስላው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ሜዳ እስኪደርሱ፣ ስም እስኪጠራና ሰውነት እስኪያሟሙቁ 10 ደቂቃ ቢያልፍ 30 ይቀራል። በአንድ ኳስ 11 ለ11 ቢጫወቱ ከ60ዎቹ 38ቱ ተመልካቾች ናቸው፤ ከገቡትም መካከል ደጋግመው ኳስ የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው። ከፍታ ዝላይ ሲያስተምሩ ሁሉንም በአንድ ሰልፍ ቢያቆሟቸው ደግሞ፣ ለአንድ ልጅ 20 ሰከንድ ቢበቃው እንኳ ተራው አንድ ጊዜ እስኪዞር 20 ደቂቃ ይፈጃል። ልጁ ይህን ሁሉ ጊዜ ቆሞ ይጠብቅና 59 ጓደኞቹ እያዩት አንድ ጊዜ ይዘላል፤ ገመዱን ከነካ ይሳቅበታል፤ ወዲያው ደወል ይደወላል። እንዲህ ያለው ነገር ለዚያ ልጅ በሰው ፊት መፈተን እንጂ ትምህርት ሊሆንለት አይችልም።

ስለዚህ መጀመሪያ ኳሱን ማብዛትና ሰልፉን ማሳጠር ያስፈልጋል። ለመወርወር፣ ለመያዝና ለመቀባበል ልምምድ የጨርቅ ኳስ ይበቃል። ልጆቹ ራሳቸው ከአሮጌ ካልሲ፣ ከቁራጭ ጨርቅና ከፌስታል ሠርተው እንዲያመጡ ቢነግሯቸው በአጭር ጊዜ ከሚያስፈልግዎ በላይ ያገኛሉ። 60ዎቹን በስድስት በስድስት ሰው አሥር ቡድን አድርገው ለእያንዳንዱ ቡድን በኖራ ወይም በድንጋይ የተከለለ ትንሽ ቦታ ይስጡ። ሦስት ለሦስት ሲጫወቱ ኳሱ ለሁሉም ደጋግሞ ይደርሳል፤ ስሕተትንም የሚያየው አምስት ሰው እንጂ ሙሉ ክፍሉ አይደለም። ዓይን አፋር ልጅ ደፍሮ የሚሞክረው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ቀጥሎ የቡድን አመራረጡን ይመልከቱ። በዚህ ላይ አቋሜ ጽኑ ነው፤ ሁለት አምበሎች ፊት ለፊት ቆመው አንድ በአንድ እየጠሩ የሚመርጡበት ልማድ ከትምህርት ቤቶቻችን ፈጽሞ መቅረት አለበት። መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ሁለት ሦስት ልጆች የማይፈለጉ መሆናቸው በየሳምንቱ በክፍል ጓደኞቻቸው ፊት ይነገራቸዋል። ቡድኖቹን እርስዎ የስም መጥሪያውን ይዘው ቀድመው ያዘጋጁ፤ ጠንካራውን ከደካማው፣ ሴቶችን ከወንዶች፣ ተናጋሪውን ከዝምተኛው ያሰባጥሩ። ካዘጋጁ በኋላም በየሳምንቱ አይቀያይሯቸው። አሜሪካዊው ምሁር ዳሪል ሲደንቶፕ የቀረጹት የማስተማሪያ ዘዴ በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ ተማሪዎች ለበርካታ ሳምንታት በአንድ ቡድን ይቆያሉ፣ ለቡድናቸው ስም ያወጣሉ፣ ከተጫዋችነት ሌላ አምበል፣ ዳኛ፣ ውጤት መዝጋቢ፣ አሟሟቂና የዕቃ ኃላፊም ይሆናሉ። ኃላፊነቱን በየተራ ያዟዙሩት። ዳኛ ላይ የሚጮኸው ልጅ ራሱ ፊሽካ ይዞ የጓደኞቹን ጩኸት ሲሰማ የሚማረውን በምክር ብቻ ልናስተምረው አንችልም። ዝምተኛዋም ልጅ ስድስት ሰዎችን የማሟሟቅ ተራ ሲደርሳት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አንድ፣ ሁለት» ስትል ብዙ ጊዜ የክፍል ጓደኞቿ ድምፅዋን የሚሰሙት ያኔ ነው።

ስለ ስድቡና ስለ ድብድቡ ደግሞ በቺካጎ ከተማ በችግር ውስጥ ከሚያድጉ ወጣቶች ጋር ለአሥርተ ዓመታት የሠሩት ፕሮፌሰር ዶን ሄሊሰን የተከተሉትን መንገድ ላካፍልዎ። እርሳቸው ልጆቹን በአምስት የኃላፊነት ደረጃዎች ይመሩ ነበር። ልጁ መጀመሪያ ራሱን መግዛትና የሌላውን መብት ማክበር ይማራል፤ ቀጥሎ መሳተፍና መጣርን፣ ከዚያ ተቆጣጣሪ ሳይኖር በራሱ መሥራትን፣ ከዚያም ሌላውን መርዳትን፣ በመጨረሻም ይህንኑ ወደ ክፍል፣ ወደ ቤትና ወደ ሠፈር ይዞ መሄድን። እነዚህን በልጆቹ ቋንቋ በካርቶን ላይ ጽፈው ሜዳው ዳር ቢሰቅሏቸው ተማሪው የዕለቱን ባሕርይውን ራሱ ሊመዝንበት ይችላል። ሁለት ልጆች ሲጣሉ የሌሎቹ ጨዋታ አይቋረጥ፤ ሁለቱ ግን ለይተው ወዳዘጋጁላቸው አግዳሚ ይሂዱ፤ የተፈጠረውን ነገር በየተራ ይናገሩ፤ ቀጥሎ የሚያደርጉትንም ተስማምተው፣ የተስማሙበትን ለእርስዎ ነግረው ይመለሱ። ሽምግልናን ከቤታቸው የሚያውቁ ልጆች ስለሆኑ ከቡድናቸው አንድ ልጅ ሽማግሌ ሆኖ ቢቀመጥላቸው አይከብዳቸውም። ሽማግሌ የሚሆነው ሁልጊዜ ያው ጨዋ ልጅ እንዳይሆን ግን ይጠንቀቁ፤ ተደባዳቢውም ተራው ይድረሰው።

ከመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አምስቱን ለንግግር ይተዉ። ልጆቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠው «ዛሬ ማን ረዳህ? አንቺስ ማንን ረዳሽ? የቱ ጋ ተናደዳችሁ፣ ስትናደዱስ ምን አደረጋችሁ?» ብለው ይጠይቋቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሳሳቃሉ፤ ይታገሷቸው፣ ይለምዱታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ያረፈደውን ሜዳ መዞር፣ ያጠፋውን ፑሽ አፕ ማሠራት በብዙ ትምህርት ቤቶች የተለመደ ቅጣት ነው። ሩጫን ቅጣት አድርገን እየሰጠነው ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ሩጫን እንዲወድ መጠበቅ አንችልም። እባክዎ ይተዉት፤ የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህራን ባልደረቦችዎም እንዲተዉት ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ። ያለን ጊዜና ቁሳቁስ ትንሽ ስለሆነ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች ለይተን በእነርሱ ላይ ብናተኩር አይሻልም ወይ? ከበቆጂ የወጡት ጀግኖች እንዲህ ተመርጠው አይደለም ወይ?
ርዕሰ መምህር፣ ከአርሲ

መልስ፦ የጠቀሱት ምሳሌ ትልቅ ነው። አሠልጣኝ ሥንታየሁ እሸቱ በበቆጂ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ፤ በእርሳቸው እጅ ካለፉት መካከል እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ለጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉ፣ እንዲሁም ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ይገኛሉ። አንድ የስፖርት መምህር ለአገር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ልጆችን ቀድሞ መለየት መሆኑ አይታየኝም። መምህሩ ተሰጥኦን ያዩት ሁሉም ልጆች ሲሮጡ ማየት ስለቻሉ ነው። በ10 ዓመቷ ቀርፋፋ የምትመስለው ልጅ በ15 ዓመቷ ምን እንደምትሆን ማንም አያውቅም፤ በዚህ ዕድሜ የሚታየው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ከማደጉ የሚመጣ ነው። ከዚህም ሌላ በበቆጂ አብረው ተምረው ሯጭ ያልሆኑ እጅግ ብዙ ልጆች አሉ፤ ዛሬ ገበሬ፣ ነርስ፣ ነጋዴ፣ መምህር ሆነዋል። የትምህርት ክፍለ ጊዜው የእነርሱም ነው። የተማሪዎች ውድድርና ከትምህርት ሰዓት ውጪ የሚሠለጥን የትምህርት ቤት ቡድን ይኑርዎ፤ ተሰጥኦው በዚያ ይኮትኮት። በፕሮግራሙ ላይ የተመደበውን የክፍል ሰዓት ግን ለጥቂቶች ብለው ከብዙዎቹ አይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። ትምህርት ቤቱ የስፖርቱን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማጠናከሪያ እንዲያውለው ከሌሎች ወላጆች ጋር ጠይቀናል። አንዳንድ መምህራን ተቃወሙን። የልጆቻችን ዕጣ በአንድ ፈተና በሚወሰንበት ጊዜ ኳስ መጫወት ቅንጦት አይሆንም ወይ?
አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ስጋትዎ ከየት እንደመጣ እረዳለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ከተነገረ ወዲህ በየቤቱ የገባው ጭንቀት ቀላል አይደለም። እንደ አባት ለልጅዎ የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ መፈለግዎ ተገቢ ነው።

ጥያቄው ግን ያ 40 ደቂቃ ለሒሳብ ቢሰጥ ልጅዎ በእርግጥ ይጠቀማል ወይ የሚለው ነው። በካናዳ ኩቤክ ግዛት፣ ትሯ ሪቪየር በተባለ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተካሄደ የታወቀ ጥናት አለ። የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሳምንት አምስት ሰዓት ተጨማሪ ሰውነት ማጎልመሻ ሲሰጣቸው፣ ሰዓቱ የተወሰደው ከሌሎቹ የትምህርት ዓይነቶች ነበር። ልጆቹ ግን በትምህርታቸው ተጨማሪውን ስፖርት ካላገኙት ወደ ኋላ አልቀሩም። ከዚያ በኋላም በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በአመዛኙ ያሳዩት ለስፖርት የሚሰጠው ጊዜ የትምህርት ውጤትን እንደማይጎዳ ነው። ስፖርት ብቻውን ሒሳብ አያስችልም፤ ተቀምጦ ማጥናት የግድ ነው። ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ የተቀመጠ፣ ሌሊቱን በጭንቀት የሚገላበጥ ልጅ ስድስተኛውን ተከታታይ ክፍለ ጊዜ ቢጨምሩለት አእምሮው የሚይዘው ጥቂት ነው። ሰውነትን ማንቀሳቀስ ጭንቀትን እንደሚያቀልና እንቅልፍን እንደሚያሻሽል በሚገባ የተረጋገጠ ነው፤ ተፈታኝ ልጅ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይህ በሳምንት 420 ደቂቃ ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢሰጥ እንኳ 80 ደቂቃ ነው፤ እናንተ እንዲወሰድ የጠየቃችሁት ከዚህ ከትንሹ ላይ ነው። የሒሳብ ማጠናከሪያው ቅዳሜ ጠዋት ወይም ከትምህርት በኋላ እንዲሆን ቢጠይቁ እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። እስከ አምና ድረስ ከሠፈር ልጆች ጋር ሱዚ ስትዘል ካልጠራኋት አትገባም ነበር። ዘንድሮ ግን ስፖርት ባለበት ቀን ሁሉ ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ትለኛለች። ጤና ጣቢያ ወስጃት ምንም የለባትም ተባልኩ። ልቆጣት ወይስ ልተዋት?
እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እናቴ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወስደው ማስመርመርዎ ትክክል ነበር። መቆጣቱም መተዉም ግን የሚረዳት አይመስለኝም። ሕመሙ በስፖርት ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ ልጅዎ በቃላት ልትነግርዎ ያልቻለችው ነገር አለ ማለት ነው። ውሸት ነው ብለው አይውሰዱት፤ ጭንቀት ሆድን በእውነት ያማል።

በዚህ ዕድሜ ብዙ ሴት ልጆች ከሜዳ ይሸሻሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. የ2016ን መረጃ ከ146 አገሮች ሰብስበው እንዳሳዩት ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ሴቶች 85 በመቶዎቹ በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም፤ የወንዶቹ 78 በመቶ ነው። ሰውነት ይለወጣል፣ ወንዶች መመልከትና አስተያየት መስጠት ይጀምራሉ፣ የወር አበባ ይመጣል፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ልብስ መቀየሪያ ቦታ፣ ውኃና የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤት የለውም። መምህሩ ወንድ ከሆነ «ዛሬ መሮጥ አልችልም» ብላ ምክንያቱን ለመናገር ታፍራለች፤ ስለዚህ ሆዴን አመመኝ ብላ ቤት መቅረቱ ይቀላታል።

አብራችሁ ሥራ ስትሠሩ፣ ቡና ሲቆላ ወይም ልብስ ሲታጠፍ፣ ዓይን ዓይኗን ሳያዩ ቀስ ብለው ይጠይቋት። «ለምን አትሠሪም?» ከማለት «ስፖርት ላይ የሚከብድሽ የቱ ነው፣ ልብሱ ነው፣ ልጆቹ ናቸው፣ ወይስ መምህሩ?» ብለው በር ቢከፍቱላት ይሻላል። ችግሩ ልብስ ከሆነ መፍትሔው ቅርብ ነው፤ ሰፋ ያለ ቱታና ረዘም ያለ ቲሸርት፣ ከውስጥም የሚደግፋት የውስጥ ልብስ ያስፈልጋታል፤ ነጠላ ወይም ሒጃብ የምትለብስም ከሆነ በማይንሸራተት መልኩ ታስራ መጫወት ትችላለች። በወር አበባ ጊዜ መንቀሳቀስ እንደማይጎዳ፣ እንዲያውም ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ቁርጠቱን ሊያስታግስ እንደሚችል ይንገሯት፤ በጣም ባመማት ቀን ግን ማረፍ መብቷ ነው። ችግሩ የሰው አስተያየትና ለከፋ ከሆነ፣ ከዚያም አልፎ የሚነካት ሰው ካለ፣ ጉዳዩ የስፖርት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ርዕሰ መምህሩ ይሂዱ።

መምህሩን ሲያገኙም ሁለት ነገር ይጠይቁልኝ። አንደኛው፣ ልጃገረዶቹ ምክንያት ሳይዘረዝሩ «ዛሬ ቀለል ያለውን እሠራለሁ» ማለት የሚችሉበት ስምምነት እንዲኖርና መልእክቱን የምትቀበል ሴት መምህርት እንድትመደብ ነው። ሁለተኛው፣ ሱዚ፣ ገመድ ዝላይና ሰኞ ማክሰኞ ወደ ክፍለ ጊዜው እንዲገቡ ነው። ሱዚ ቅልጥፍናን፣ ሚዛን መጠበቅንና ምት መከተልን ያስተምራል፤ ወንዶቹ ልጆች የሚደናቀፉበት፣ ልጅዎ ግን አስተማሪ የምትሆንበት ጨዋታ ነው። ያቺ ሜዳ የምትሸሸው ልጅ እግሩን የት ማሳረፍ እንዳለበት ለሌላው ስታሳይ ሜዳው የእርሷም መሆኑ ይሰማታል።

ከስፖርት ቀን ውጪም ብቸኝነት ካበዛች፣ እንቅልፏ ወይም ምግቧ ከተዛባና ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የጤና ባለሙያ ቢያያት ይሻላል።

ጥያቄ፦ 9ኛ ክፍል ነኝ። ኳስ አልችልም። ሁልጊዜ የምመረጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሲሸነፉም «ባንተ ምክንያት ነው» ይሉኛል። እንዴት ልለወጥ?
ተማሪ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን መጻፍህ ድፍረት እንዳለህ ያሳያል። የምትመረጥበት መንገድ ስሕተት ነው፤ እርሱን የማስተካከል ኃላፊነቱ የመምህርህ እንጂ የአንተ አይደለም። ይህን ዓምድ ልታሳየው ትችላለህ።

አንተ ማድረግ የምትችለውን ደግሞ ልንገርህ። አልበርት ባንዱራ የተባሉት ታዋቂ የሥነ ልቦና ምሁር እንዳስተማሩት ሰው በችሎታው እንዲተማመን ከሁሉ በላይ የሚረዳው ራሱ ሠርቶ ያየው ውጤት ነው። ስለዚህ ከባዱን ትተህ አንድ ትንሽ ነገር ምረጥ፤ ለምሳሌ ኳስን ግድግዳ ላይ መትቶ በውስጥ እግር ማቆም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማንም በሌለበት፣ ለ15 ደቂቃ ተለማመድ። ከ20 ሙከራ ስንቱን እንዳቆምክ በደብተርህ ጀርባ በየቀኑ ጻፍ፤ ከሌሎች ጋር ሳይሆን ካለፈው ሳምንት ቁጥርህ ጋር አስተያየው። አንድ የምታምነው ጓደኛ አብሮህ ቢለማመድ ደግሞ ይበልጥ ይረዳሃል። ኳስ ካልወደድክም ሩጫ፣ መረብ ኳስ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ፣ ሰርከስ፣ ጭፈራ አለ፤ ሰውነትህ የሚወደውን እስክታገኝ ሞክር። «ባንተ ምክንያት» ለሚልህ ልጅም ጨዋታው ካለቀና ከበረደለት በኋላ ለብቻው «እንዲህ ስትለኝ ይበልጥ እሳሳታለሁ፤ የት መቆም እንዳለብኝ ብትነግረኝ ይሻላል» በለው።

ጥያቄ፦ በማስተምርበት የ5ኛ ክፍል በክራንች የምትሄድ ተማሪ አለች። እንዳትጎዳብኝ ብዬ ሁልጊዜ ውጤት መዝጋቢ አደርጋታለሁ። በሌላው ክፍል ደግሞ ማየት የተሳነው ልጅ አለ፤ እርሱን ቤተ መጻሕፍት እንዲቆይ አድርጌአለሁ። ወላጆቻቸው ቅሬታ አላቸው። ምን ላድርግ?
መምህርት፣ ከጎንደር

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ለደኅንነታቸው በማሰብ ያደረጉት ነው፤ የወላጆቹ ቅሬታ ግን ትክክል ነው። ውጤት መመዝገብ ለሁሉም በየተራ ሲደርስ መልካም ኃላፊነት ነው፤ ለአንዲት ልጅ ብቻ ሲሆን ግን ዓመቱን ሙሉ የሌሎችን ጨዋታ እንድትጽፍ መፍረድ ይሆናል።

ለመጀመሪያዋ ተማሪዎ በሚቀጥለው ሳምንት ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ተቀምጦ የሚጫወቱት መረብ ኳስ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የፓራሊምፒክ ውድድር ነው፤ ሜዳው 10 በ6 ሜትር፣ የመረቡ ከፍታ ለሴቶች 1.05 ሜትር፣ ለወንዶች 1.15 ሜትር ነው። እርስዎ መረብ አያስፈልግዎትም፤ ሣር ባለበት ቦታ በሁለት እንጨት መካከል ገመድ ይዘርጉና መላውን ክፍል መሬት ላይ ያስቀምጡ። መነሳት ክልክል ነው፤ ቀላል ኳስ ወይም ፊኛ ይጠቀሙ። እግር የማይቆጠርበት ጨዋታ ስለሆነ ሩጫ የሚያውቁት ልጆች መጀመሪያ ይቸገራሉ፤ በክራንች የምትሄደው ልጅ ግን ክንዷ ከብዙዎቹ ይልቅ የጠነከረ ሊሆን ይችላል። ማየት ለተሳነው ልጅ ኳሱን በፌስታል ይጠቅልሉት፤ ሲንከባለል ስለሚንኮሻኮሽ ድምፁን ተከትሎ ይደርስበታል፤ ሌሎቹም ዓይናቸውን በሻሽ ሸፍነው አብረውት ቢጫወቱ ምን ያህል ማድመጥ እንደሚያስፈልግ ይገባቸዋል። ሩጫን ደግሞ አጭር ገመድ ጫፍና ጫፉን ይዞ ከሚመራው ጓደኛ ጋር መሮጥ ይችላል፤ መሪው ግን አንድ ልጅ ብቻ አይሁን፣ ይቀያየሩ። ልጆቹ እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ፓራሊምፒክ የማየት ችግር ባለባቸው ሴቶች የ1,500 ሜትር ውድድር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ስላስገኘችው ስለ ትዕግስት ገዛኸኝ ይስሙ፤ ማየት የተሳነውን ልጅ ነጥለው እየተመለከቱ ሳይሆን ለመላው ክፍል ይንገሯቸው።

ከመጀመርዎ በፊት ሁለቱንም ልጆች ለየብቻ ጠርተው ምን መጫወት እንደሚፈልጉና ምን እንደሚያስፈራቸው ይጠይቋቸው። ከወላጆቻቸውም ሐኪም የከለከላቸው እንቅስቃሴ መኖር አለመኖሩን በጽሑፍ ይቀበሉ። ነጥብ ሲሰጡ ደግሞ የ60 ሜትር ሩጫ ሰዓታቸውን ከሌሎቹ ጋር አያነጻጽሩ፤ በመስከረም የሚችሉትንና በጥር የሚችሉትን ጎን ለጎን ጽፈው በዚያ ይመዝኗቸው። ለቀሩትም ተማሪዎችዎ ይኸው አመዛዘን ይሠራል።